ከውጭ በኩል የተሞከረ በር

«እሷ እንደሆነች የትም ተቀምጣ ትሰፋለች። መርፌና ክር እኮ ነው፤ ምን ሙያ አለው?»

ይህን ያለው ባልየው ነው፣ ሳሎን ተቀምጦ፣ ለታናሽ ወንድሙ። የሰማችው ሚስቱ ናት፣ ከስሱ ግድግዳ ወዲህ፣ በስፌት ክፍሏ፣ የደንበኛ ቀሚስ ጭኗ ላይ ዘርግታ ጠርዙን ስትቀመቅም። ድምፁን ዝቅ ለማድረግ እንኳ አልተጨነቀም። ወሬው ስለዚችው ክፍል ነበር። ሁለቱ ወንድማማቾች የጥገና ሱቅ ሊከፍቱ አስበዋል፤ ካውያ፣ ምድጃ፣ የውሃ ማሞቂያ፣ የበር መቆለፊያ፣ የተበላሸ ነገር ሁሉ የሚጠገንበት። ሱቁ የሚከፈተው ደግሞ እሷ በምትሰፋበት ክፍል ነው፤ ወደ መንገድ የሚያስወጣ የራሱ በር ያለው እሱ ብቻ ነዋ። የስፌት መኪናዋ ወጥታ ኮሪደሩ ላይ፣ በመታጠቢያ ቤቱና በጫማ መደርደሪያው መሀል ትቀመጣለች። እዚያ መስኮት የለም፣ ብርሃን የለም፣ ልብስ የምትለካ ደንበኛ የምትቆምበት ቦታ እንኳ የለም። ይህ ሁሉ ታስቦ፣ ተመክሮበት፣ አልቆ፣ የቀረው ለእሷ መንገር ብቻ ነው። ለሱቁ ገንዘብ የሚያወጡት የታናሽየው አለቃ ናቸው፤ ዛሬ ምሳ ተጋብዘዋል፤ ቤቱን አይተው ይወስናሉ።

«ቤቱ ራሱ ይመሰክርልኛል» አለ ባልየው፣ አፉን ሞልቶ። «ከተጋባን ጀምሮ እዚህ ቤት ጠጋኝ የሚባል እግሩን አስገብቶ አያውቅም። ያ ሽቶ ተቀብቶ የሚዞረው ሌባ አንድ ብሎን ለማጥበቅ የሚጠራውን ዋጋ ብትሰማ እኮ ትስቃለህ። ምን በወጣኝ! እጅ አለኝ፣ እሠራዋለሁ።»

መርፌዋ ጣቷን ወጋት። «ኧ!» አለች። አማቷ፣ የባልየው እናት፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ክር እየጠቀለሉላት ነበር፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን «ምነው ልጄ?» ይሏት ነበር፤ አሁን ግን ቀና ብለው አላዩአትም።

ቀና ያላሉበት ምክንያት ነበራቸው። ነገሩ የተጀመረው በካውያ ነው። ሙሽሮች ሳሉ ባልየው የተቃጠለች ካውያ ፈታ፣ መልሶ ገጠማት፣ «አዲስ አደረግኋት» ብሎ ሥራው ሄደ፤ ሙሽሪት ስትሰካት የቤቱ መብራት ድርግም አለ። ልትነግረው ስትል አማቷ እጇን ያዟት። «ተይው ልጄ፣ ቅስሙ ይሰበራል፤ አባቱ ከሞቱ ወዲህ እንዲህ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም» አሏት። ስለዚህ የሰፈሩን ጠጋኝ፣ ሽቶ እንደ ውሃ ስለሚደፋ ባለሽቶው የሚባለውን፣ በጓሮ በር አስገብተው አሠሩት። ማታ ባልየው ሸሚዙን ተተኩሶ ሲያገኘው ካውያዋን እንደ ልጅ ደባበሳት። ከዚያ ወዲህ ልማድ ሆነ። እሱ በፊት ለፊት ያበላሻል፣ ባለሽቶው በጓሮ ያቃናል፣ እሷ ትከፍላለች። ባለሽቶው ደግሞ እንዲህ በቀላሉ የሚገኝ ሰው አይደለም። ኩራተኛ ነው፣ ምላሰኛ ነው፣ «ሰው የነካካው ከሆነ ዋጋው ይጨምራል» ይላል፣ አንዴ ከተናገረ ዝንፍ የለም። እሷም አትከራከረውም። ዋጋውን በልቧ በቀሚስ ነው የምትለካው፤ የውሃ ማሞቂያው የሁለት ቀሚስ ስፌት ወሰደ፣ ምድጃው የአንድ ቀሚስና የአንድ ሱሪ ማሳጠሪያ። ይገባዋል ትላለች። ዓይኗ እስኪጠፋ ሰፍታ ስታስረክብ «ለዚች ክር ነው ይሄ ሁሉ?» የሚሏትን ሰዎች ታውቃቸዋለችና ራሷ እንደነሱ መሆን አትወድም። አንጀቷን ያሳረራት ሌላ ነው። በእሷ ቀሚስ እየተጠገነ የቆመው ቤት ነው ዛሬ ክፍሏን ሊያስነጥቃት ምስክር ሆኖ የሚቀርበው።

ወንድማማቾቹ ወሬያቸውን ጨርሰው ተነሡ። የመታጠቢያ ቤቱ መቆለፊያ ተሰብሮ ሰንብቷልና እንግዳው ሳይመጡ ይሠራ ተባለ። ባልየው የዕቃ ሳጥኑን ኮሪደሩ ላይ ከፈተ። ካቻቢቴው፣ ፒንሳው፣ መዶሻው፣ ሁሉም በየቦታው ተደርድሮ ያብረቀርቃል፤ ሥራ የማያውቅ ሰው ዕቃ ምንጊዜም ንጹሕ ነው። መቆለፊያውን የሚያንቀሳቅሰው ብረት ነበር የተሰበረው። አዲስ መግዛት ለእሱ መሸነፍ ስለሆነ ከአሮጌ በር የተረፈ አጠር ያለ ብረት ፈልጎ አስገባ፤ ብሎኖቹን አጠበቀ፤ ላቡን በእጅጌው ጠረገና ቤተሰቡን ጠራ። ኮሪደሩ ላይ እንደቆመ በሩን ከፈተ፣ ዘጋ፣ ደግሞ ከፈተ፣ ደግሞ ዘጋ። «አያችሁ? ቅቤ ነው» አለ። ውስጥ ገብቶ ግን አልቆለፈውም። የሠራውን ነገር ሁሉ የሚሞክረው እንዲህ ነው፤ እሱ በቆመበት በኩል ብቻ። ታናሽየው አጨበጨበ። እናትዬው «እጅህ ይባረክ» አሉ፤ ቃሉ ትንሽ ዘግይቶ ነው የወጣላቸው።

እሷ የተወጋ ጣቷን ልትታጠብ ገባችና ቆለፈችው። መቆለፊያው ቀጭ ብሎ ገባ። ልትወጣ ስትል ግን ትንሿ መዞሪያ ዝም ብላ ተሽከረከረች፤ ወደ ቀኝም ወደ ግራም ብታዞራት የሚይዛት ነገር የለም። ብረቱ አጭር ስለሆነ አንዴ ከቆለፈ በኋላ ከመዞሪያዋ ተላቋል። ልትጮህ አፏን ከፈተችና ተወችው። መዞሪያዋን ሳብ ስታደርጋት እጇ ላይ ቀረች። ከሽርጧ ኪስ መቀሷን አውጥታ ጫፉን ቀዳዳው ውስጥ ሰካችና ጠመዘዘችው፤ መቆለፊያው ተመለሰ። መዞሪያዋን ቦታዋ ላይ መልሳ ለጥፋ ወጣች። በሩ ጤነኛ በር መሰለ።

ማድ ቤት ስትገባ አማቷ ፊቷን አይተው ገባቸው። ስንት ዓመት አብረው የሠሩት ሥራ ነውና ማብራሪያ አላስፈለጋቸውም።

«ልደውልለት?» አሉ በሹክሹክታ። «ቅርብ ከሆነ በጓሮ ዘው ብሎ…»

«ዛሬ አይደወልም፣ እማማ።»

«ሰው እኮ ነው የሚመጣው፣ ልጄ። ይዋረዳል።»

«ይዋረድ።»

አማቲቱ ቢላዋቸውን እንደያዙ ቆሙ። ያለ ምራታቸው ገንዘብ ባለሽቶው ደጃፉን እንደማያልፍ ያውቃሉ። እሷ ሽንኩርት እየከተፈች፣ ሳታያቸው፣ «ክፍሌን እንደሚወስደው ያውቁ ነበር?» አለቻቸው። አማትየዋ ክዳን ከፈቱ፣ ክዳን ዘጉ፣ ንጹሑን ማንኪያ ደግመው አጠቡት። እሷም መልሷን አገኘች። የጋብቻዋን ዓመታት ሁሉ ሁለቱ ሴቶች አንድ ምሥጢር አብረው ሲጠብቁ ኖረዋል፤ ለካ አማትየዋ የራሳቸው ሌላ ምሥጢር ነበራቸው። ይህን ስታውቅ በሆዷ የነበረው ነገር ንዴት መሆኑ ቀረና ቂም ሆነ። ንዴት ያስጮሃል፤ ቂም ግን እጅ ያረጋጋል። ሽንኩርቱን እንደዚያን ቀን አድርጋ አድቅቃ ከትፋው አታውቅም።

አለቃው በቀጠሯቸው መጡ። ወፈር ያሉ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው፣ ሲቀመጡም ሲነሡም የሚቃስቱ፣ ግን ሳቂታ ሰው ናቸው። ምሳው ላይ ስለ ቆርቆሮ ዋጋ፣ ስለ ጎማ ዋጋ፣ ስለ ቤት ኪራይ ተወራ፤ ሁሉም ነገር እንደተወደደ ተስማሙ፤ ባልየውም ወዲያው ወሬውን ወደሚፈልገው አዞረው። ከወንበሩ ተነሥቶ እንግዳውን ቤቱን ያስጎበኛቸው ጀመር። ምድጃውን ለኮሰላቸው፣ ሙቅ ውሃ ከፈተላቸው፣ ካውያዋን ሳይቀር አሳያቸው። «ይሄንንም እኔ፣ ይሄንንም እኔ» ይላል። «ሥራ ነው እንጂ!» ይላሉ አለቃው። እሷ ከኋላ ሳህን እየሰበሰበች በልቧ ትቆጥራለች፤ ሁለት ቀሚስ፣ አንድ ቀሚስና አንድ ሱሪ፣ የልጆች ዩኒፎርም። የሚገርመው አለቃው ወደ እሷ ዞረው «እትዬ፣ ምሳው ግሩም ነበር፤ እጅሽ አይንጠፍ» ሲሏት ልቧ ራራ። ምን ያደረጉኝ ሰው ናቸው አለች። «መታጠቢያ ቤት ሲገቡ እንዳይቆልፉ» የምትለው ቃል ምላሷ ጫፍ ደርሶ ነበር።

ከዚያ ክፍሏ ገቡ። አለቃው በእርምጃቸው ለኩት፤ የመንገዱን በር ከፍተው አዩ፤ ወደዱት። «ይቺስ?» አሉ የስፌት መኪናዋን እያሳዩ። «እሷ ትወጣለች» አለ ባልየውና የመኪናዋን እግር በጫማው ጫፍ ገፋ አደረጋት። ሊጎዳት አልነበረም፤ ልክ ሰው መንገድ ላይ የተጋረጠ ካርቶን እንደሚገፋ ነው። ላዩ ላይ የተዘረጋው ቀሚስ ተንሸራቶ መሬት ወደቀ። ማንም አላነሣውም። እሷ ጎንበስ ብላ አነሣችው፣ አራገፈችው፣ አጣጠፈችው። ምላሷ ጫፍ የደረሰውንም ቃል ዋጠችው። ወዲያው አለቃው ሆዳቸውን እያሻሹ «መታጠቢያ ቤቱ በየት በኩል ነው?» ሲሉ ራሷ በእጇ አሳየቻቸው። «በዚህ በኩል ነው፤ ይግቡ» አለቻቸው፣ እንደ ደህና ባለቤት።

መቆለፊያው ቀጭ ሲል ኮሪደሩን አልፎ ማድ ቤት ድረስ ተሰማት። አማቷም ሰሙት። ሁለቱም ከሥራቸው ቀና አላሉም። ቆየት ብሎ ውሃ ፈሰሰ፣ ቆመ፣ መዞሪያዋ ስትሽከረከር ተሰማ፣ ከዚያ በሩ ተንኳኳ።

«ኧረ ይሄ ነገር እንዴት ነው የሚከፈተው?»

«ወደ ቀኝ ያዙሩት አለቃ» አለ ባልየው፣ እየሳቀ ከሳሎን ወጥቶ።

«አዞርኩት እኮ!»

«ወደ ግራስ?»

«ወደ ግራም አዞርኩት። አሁን እጄ ላይ ነው ያለው!»

ሳቁ ከፊቱ ረገፈ። የዕቃ ሳጥኑ ተከፈተ። በመጀመሪያ ቀጭኑን ካቻቢቴ በበሩና በመቃኑ መሀል አስገባ፤ ተጣመመ። ወፍራሙን አስገባ፤ እንጨቱ ተሰነጠቀ። መዶሻ አነሣ፤ ቀለሙ እየተላጠ ወለሉ ላይ ተበተነ፤ መቆለፊያው ግን ነቅነቅ አላለም። በመሀሉ የሸሚዙ እጅጌ በሚስማር ተያዘና ከክርኑ እስከ አንጓው ተተረተረ። ታናሽየው «እንዲህ አድርገው፣ እንዲያ አድርገው» ሲል ቆየና «ዝም በል!» ሲባል ግድግዳውን ተደግፎ ቀረ። የመታጠቢያ ቤቱ መስኮት የእጅ መዳፍ አታክልም። መጀመሪያ ይቀልዱ የነበሩት አለቃው ቀልዳቸውን ተዉ፤ «ሙቀቱ ያፍናል፣ ልጆች» አሉ፤ ቀጥሎ «ልቤ» አሉ፤ ድምፃቸው እየሰለለ ሄደ።

እሷ ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ቆማ ነበር፣ እጇ ሽርጧ ኪስ ውስጥ መቀሷን ጨብጣ። በሩ ከሥሩ ክፍተት አለው፤ ወለሉን ይነካል ብሎ አላግባብ የላገው ራሱ ባልየው ነው፤ መቀስ ቀርቶ ጫማ ያሳልፋል። ጎንበስ ብላ ማሳለፍ ብቻ ነበር። አላሳለፈችም። ለአለቃው አዘነች፣ ይህን መካድ አይቻልም፤ መቀሱን ሁለት ጊዜ ከኪሷ ግማሽ አድርሳ መልሳዋለች። ለባሏ ግን አዘነች ማለት ውሸት ነው። በተተረተረ እጅጌ፣ ላብ በላብ ሆኖ፣ ራሱ የዘጋውን በር በመዶሻ ሲቀጠቅጥ ስታይ አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። አንዲት ቃል ብቻ ነበር ከአፉ የምትጠብቀው።

«ባለሙያ እንጥራ» አለ ታናሽየው በፍርሃት።

«አያስፈልግም! ደርሻለሁ!»

«እንዴት አያስፈልግም!» አሉ አለቃው ከውስጥ። «ጥሩልኝ እንጂ ሰውዬ!»

ባልየው መዶሻውን አስቀመጠ። «እሺ… ይጠራ» አለ፣ ወደ ወለሉ።

ከማድ ቤት የወጡት እናትዬው ነበሩ። ስልኩን ከልጃቸው ኪስ አውጥተው ቁጥሩን በቃላቸው መቱት። ስልክ ጆሯቸው ላይ መያዝ ስለማይወዱ ሁልጊዜ የስልኩን ድምፅ ማጉያ ከፍተው ነው የሚያወሩት፤ ያን ዕለትም እጃቸው ከለመደው አልወጣም።

«አቤት» አለ የማያውቀው ቁጥር የተደወለለት ባለሽቶው።

«እኔ ነኝ፣ ልጄ።»

«እማማ! ዛሬ ደግሞ ምኑን ሠራው?»

ታናሽየው ወደ ወንድሙ ዞረ። ባለሽቶው መልስ የሚጠብቅ ሰው አይደለም። «ካውያው እንዳይሆን ብቻ፤ እንዳታስነኩት ብያችሁ ነበር። ምድጃው ከሆነ ዋጋዬን ያውቁታል። የውሃ ማሞቂያው ከሆነ ግን እንደ ባለፈው…»

«በር ነው» አሉ እናትዬው በቀጭን ድምፅ። «ሰው ተቆልፎበታል።»

«ሰው ካለበት እጥፍ ነው። ለማንኛውም ሩቅ ሥራ ላይ ነኝ፣ ሲመሽ እመጣለሁ። የጓሮውን በር ክፍት አድርጉልኝ፣ እንደ ሁልጊዜው።» ስልኩ ተዘጋ።

ባልየው እናቱን አየ፤ ከዚያ ሚስቱን አየ፤ ከዚያ ምድጃው ወዳለበት ወደ ማድ ቤቱ አየ። ማንም ዓይኑን አልሸሸውም፤ እሱ ነው የሁሉንም የሸሸው። ከበሩ ወዲያ «እስኪመሽ!» የሚል ጩኸት ተሰማ።

«እኔ አስከፍታቸዋለሁ» አለች እሷ።

«በምንሽ?»

«ዋጋዬን መጀመሪያ እንነጋገር።»

«አሁን ነው እንዴ የዋጋ ወሬ?»

«አሁን ነው። ክፍሌን። መኪናዬ ካለችበት ንቅንቅ አትልም። የሱቁ ነገርም እዚሁ ኮሪደር ላይ ያልቃል።»

ልማድ ክፉ ነው። ሰው ታፍኖበት፣ ክብሩ ተገፎ፣ ሸሚዙ ተቀዶ፣ ባልየው ዋጋ ሊያስቀንስ ሞከረ። «ለሁለት ብንከፍለውስ፣ በመጋረጃ…» ማለት ሲጀምር በሩ ከውስጥ በቡጢ ተመታ።

«ስጣት! የጠየቀችህን ስጣት፣ አንተ ሰው! ምን ሱቅ አለና!»

«ይሁን» አለ።

«አልሰማሁህም።»

«ይሁን አልኩሽ። ክፍሉ ያንቺ ነው።»

ተንበረከከች። መቀሷን ከበሩ ሥር አሳለፈችና ለአለቃው ቀስ ብላ ነገረቻቸው፤ ጫፉን ቀዳዳዋ ውስጥ ይስኩት፣ ጠበቅ አድርገው ወደ ግራ። ቀጭ አለ። በሩ ተከፈተ። ባልየው የተከፈተውን በር፣ የተሰነጠቀውን መቃን፣ መሬት የተበተኑትን የሚያብረቀርቁ ዕቃዎች ተራ በተራ አየና «በቃ? ይቺ ብቻ ናት?» አለ።

«ይቺ ብቻ ናት» አለች።

አለቃው ፊታቸው በላብ ታጥቦ፣ ግድግዳ ይዘው ወጡ። መቀሱን ለእሷ መለሱላት። ውሃ ጠጡ፣ ኮታቸውን ለበሱ፣ ደህና ዋሉ አሉ፤ በር ላይ ሲደርሱ እናትዬውን «የዚያን የስልኩን ሰውዬ ቁጥር ያጽፉልኝ» አሏቸው። ታናሽየው ተከትሏቸው ወጣ፤ ወንድሙን አልተሰናበተውም። አመሻሹ ላይ ባለሽቶው ሲመጣ የጓሮውን በር የከፈተለት ራሱ ባልየው ነው። ምን እንደተባባሉ አልተሰማም፤ የተሰማው የመዶሻ ድምፅ ነበር፣ ከዚያ ባለሽቶው «ቸር እደሩ» ብሎ በፊት ለፊቱ በር ሲወጣ። ሽቶው ኮሪደሩ ላይ ቀረ። የመታጠቢያ ቤቱን በር ደግሞ ከውስጥ ቆልፎ ከፍቶ ነው የሄደው።

ሲመሽ ባልየው ወደ ክፍሏ ገባ። የተተረተረውን ሸሚዝ እንደ ወትሮው መኪናዋ ላይ ጣል አድርጎ ሊወጣ ዞረ። የዘወትር ደንባቸው ነው፤ ጠዋት ተሰፍቶ፣ ተተኩሶ፣ ወንበር ላይ ተሰቅሎ ያገኘዋል።

«ያዝ» አለችው።

ሲዞር ሸሚዙን መለሰችለት። ኮሌታው ላይ መርፌ ሰክታበታለች፣ ከጎኑም ክር።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«መርፌና ክር ነው» አለችው። «ምን ሙያ አለው?»

ግድግዳው ስስ መሆኑ ያኔ ሳይገባው አልቀረም። ሸሚዙን ይዞ ሳሎን ሄደ። ወንበር ሲሳብ ተሰማ፣ መብራት ሲበራ፣ ከዚያ የክሩን ጫፍ በምራቁ ሲያርስ፣ ደግሞ ሲያርስ፣ ሲሳደብ። አልጋው ጫፍ ላይ የነበሩት አማቷ የሚጠቀልሉትን ክር አስቀመጡ፤ እየተደገፉ ተነሡ፤ በሩ ድረስ ሄደው እጀታውን ያዙ። እሷ ተመለሱም ሂዱም አላለቻቸውም፤ የመኪናዋን መርገጫ እየረገጠች ቀጠለች። አማቲቱ ጥቂት ቆሙ። ከዚያ ተመልሰው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡና ክራቸውን አነሡ።

ከግድግዳው ወዲያ «ኧ!» የሚል ድምፅ መጣ። ሁለቱም ቀና አላሉም።